80 ኪሎ ሜትር ልሮጥ እየተዘጋጀሁ ነው፤ ቤቴ ግን አኩርፎብኛል

ደብረብርሃን_ሲልቨር | ነሐሴ 25

ሰላም ወገኖቼ። ጽሑፉ ይረዝማል፤ ታገሡኝ። ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

ኅዳር 13 ጄኤፍኬ 50 ማይል ልሮጥ ተመዝግቤያለሁ። 80 ኪሎ ሜትር ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ቡንስቦሮ ከምትባል ትንሽ ከተማ ይነሳል። መጀመሪያ አፓላቺያን ትሬይል የሚባለውን የተራራ የእግር መንገድ ይዞ ድንጋይ ለድንጋይ ነው። ከዚያ ወርዶ በፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ በድሮው የሲ ኤንድ ኦ ቦይ መንገድ 26 ማይል ሜዳ ለሜዳ ይቀጥላል። የመጨረሻው 8 ማይል አስፋልት ሆኖ ዊልያምስፖርት ይገባል። ውድድሩ የተጀመረው በፈረንጆቹ 1963 ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ (ጄኤፍኬ የሚባለው እሱ ነው) የጦር መኮንኖች 50 ማይል በእግራቸው መሄድ መቻላቸውን ያሳዩ ባሉበት ጊዜ ማለት ነው። ያን ዓመት 11 ሰው ጀምሮ የጨረሰው 4 ብቻ ነበር። ይህን ያነበብኩ ቀን ነው ልቤ የገባው።

ሩጫ የጀመርኩት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ሐኪም ስኳርህ ድንበር ላይ ደርሷል አለኝ። ሥራዬ ዲሲ መሀል ፓርኪንግ ነው፤ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው። በ5 ኪሎ ሜትር ጀመርኩ። አምና ማሪን ኮር ማራቶንን ጨረስኩ። ስኳሬ ወረደ። ቁጣዬም ወረደ። ለእኔ ሩጫ የትርፍ ጊዜ ነገር አይደለም።

አሁን ችግሩ። ባለቤቴ አረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች፤ ከጠዋቱ 6 እስከ 2። እኔ ከ3 እስከ ሌሊቱ 11። ሁለት ልጆች አሉን፣ የ8 ዓመት ሴትና የ3 ዓመት ወንድ። ልጆቹን በር ላይ ነው የምንቀባበለው። አራታችንም አንድ ላይ የምንሆነው ቅዳሜ ብቻ ነው፤ እሑድ ግማሹ ቤተ ክርስቲያን ነው። የእኔ ረጅም ሩጫ ደግሞ ቅዳሜ ነው።

ትናንት ልጄ የክረምት የአማርኛ ትምህርቷን ጨረሰች። ሰው ፊት ቆማ ከሀ እስከ ፐ ልትል ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ስትለማመድ ሰምቻታለሁ። እኔ 22 ማይል ነበረብኝ። 11 ሰዓት ላይ እደርሳለሁ ብዬ ወጣሁ። ሙቀቱ አደከመኝ፣ መጨረሻው ላይ በእግሬ ሄድኩ። ስደርስ ወንበር እየታጠፈ ነበር። ልጄ አላለቀሰችም። «18 ማይል ላይ ብትመለስ ትደርስ ነበር» አለችኝ። የእኔን ማይል ቆጥራ ይዛለች።

ማታ ባለቤቴ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «ያለችን ቅዳሜ ብቻ ነበረች፤ እሷንም ሰጠሃት።»

12 ሳምንት ቀርቶኛል። ልጅ፣ የማታ ሥራ፣ ትዳር ይዛችሁ ከማራቶን በላይ የሮጣችሁ ካላችሁ እንዴት አደረጋችሁት? ወይስ ልተወው?

---

ዳላስ_አባት | ነሐሴ 25

ተወው ወንድሜ። ውድድሩ በየዓመቱ አለ። ልጅህ 8 ዓመት የሚሆናት አንዴ ነው። ከልቤ ነው የምነግርህ።

---

የጄፒ_ሱቅ | ነሐሴ 25

ከጆሃንስበርግ ነኝ። ጄፒ ውስጥ ሱቅ አለኝ። ኮምሬድስን ሁለት ጊዜ ጨርሻለሁ፤ በደርባንና በፒተርማሪትዝበርግ መካከል 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ1921 ጀምሮ የሚሮጥ ነው። 12 ሰዓት ሲሞላ ጥይት ይተኮሳል፤ አንድ ሴኮንድ ያለፈው አይቆጠርለትም። እዚያ መስመር ላይ የሚቆመው ማን ይመስልሃል? ጥበቃ፣ አስተማሪ፣ ሹፌር፣ የቤት ሠራተኛ። አብዛኛው እንደ አንተና እንደ እኔ ሠርቶ አዳሪ ነው። ስለዚህ ሥራና ልጅ ያለው ሰው አይችለውም የሚልህን አትስማ።

ግን እነዚህ ሰዎች እንዴት እንደሚሠሩ ልንገርህ። ሩጫውን ከቤታቸው ሰዓት አያወጡትም፤ ከመንገዳቸው ሰዓት ነው የሚያወጡት። ታክሲ የሚበላውን ጊዜ ይሮጡበታል። እኔ ሱቅ ለመክፈት 9 ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ። እዚህ ብቻን መሮጥ አያስተማምንም፤ ከክለብ ሰዎች ጋር ነው የምወጣው። መኪና ብይዝ በዚያ ትራፊክ 40 ደቂቃ ነው፤ በእግሬ 55 ደቂቃ። ቤቴ ያጣው 15 ደቂቃ ብቻ ነው።

አንተ ከሥራ ወደ ቤት ምን ያህል ይርቅሃል?

---

የሯጭ_ሚስት | ነሐሴ 26

ሯጭ አይደለሁም። ሲያትል ነው የምንኖረው። ባለቤቴ 100 ማይል ድረስ ሮጧል። ሦስት ልጆች አሉን። በሌላኛው በኩል የነበርኩ ሰው ስለሆንኩ ነው የምጽፍልህ።

ወንዶቹ ሁልጊዜ ስለ ሰዓት ብዛት ታወራላችሁ። ስንት ሰዓት ወጣሁ፣ ስንት ሰዓት ልቀንስ ትላላችሁ። እኔን የጎዳኝ ብዛቱ አልነበረም። መቼ እንደሚመለስ አለማወቄ ነው። አራት ሰዓት ብሎኝ አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ያቺ አንድ ሰዓት ተኩል ከሌላው ሁሉ ትበልጣለች። ልጆቹን አልብሼ አስቀምጫለሁ። ወጡ ቀዝቅዟል። እናቴ ጋ እንሄዳለን ብለናል። ደግሞ መንገድ ላይ ወድቆ ይሆን ብዬ እጨነቃለሁ። ሲመጣ ደስ ብሎት፣ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ «ዛሬ ጥሩ ነበር» ይለኛል።

ከተጣላን በኋላ የተስማማነው ይህ ነው። ማይል ተወ። ሰዓት ይዞ ይወጣል። «ከጠዋቱ 9 ሰዓት በር ላይ ነኝ» ካለ 9 ሰዓት በር ላይ ነው። 20 ማይል አቅዶ 16 ላይ ቢደርስበትም ይመለሳል። የቀረው 4 ማይል ይቅር። አሠልጣኙም አልተቃወመም፤ ለረጅም ሩጫ ዋናው እግር ላይ የቆዩበት ጊዜ ነው አለው።

ሁለተኛው ነገር ከሩጫ በኋላ ያለው ነው። ይህን ማንም አያወራውም። ሰውየው 5 ሰዓት ሮጦ ይመጣል፣ ከዚያ ሶፋ ላይ 4 ሰዓት ይተኛል። እሱ ሩጫውን 5 ሰዓት ነው ብሎ ይቆጥራል። እኔ 9 ሰዓት ነው የቆጠርኩት። ልጁ አጠገቡ መጥቶ ሲያናግረው «እሺ እሺ» ይላል፣ አይሰማም። ስለዚህ ሮጦ ከመጣ በኋላ የቀረውን ቀን ቆሞ መዋል እንዲችል አድርጎ መሮጥ አለበት። ካልቻለ በጣም ፈጥኗል፣ ወይ በጣም ርቋል ማለት ነው።

ሦስተኛውን በጥያቄ ልተወው። ስለ ሚስትህ «እሺ ትላለች ወይ?» ብለህ ነው የምታስበው። እሷ ራሷ ምን ማድረግ እንደምትፈልግ ጠይቀሃት ታውቃለህ? እሷስ በሳምንት 10 ሰዓት ለራሷ ብታገኝ ምን ታደርግበት ነበር?

---

ኮተቤ_ንጋት | ነሐሴ 26

የሯጭ ሚስት፣ እጅሽን ይባርክ። ሁሉንም ቃል ተስማምቼበታለሁ።

እኔ ሴት ሯጭ ነኝ፣ አዲስ አበባ። ባንክ እሠራለሁ። አንድ የ5 ዓመት ልጅ አለኝ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል በሀገራችን ሰዓት እነሳለሁ። ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ሱሉልታ ወይ እንጦጦ እንወጣለን። በሳምንቱ መሀል ሰፈር ውስጥ ነው፤ ውሻውም ጨለማውም አለ።

አንድ ነገር ልበል። ወንድ ሲሮጥ ሰው «ጎበዝ» ይለዋል። እኔ ስሮጥ «ልጁን ማን ያዘው?» ይለኛል። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ወርቅ ወሰደች። ከዚያ ወለደች። ተመልሳ በ2000 ሲድኒ ላይ እንደገና ወርቅ ወሰደች። ሁላችንም አጨበጨብን። በመሀል ያለውን ስንት ሌሊት፣ ስንት ጡት ማጥባት፣ ስንት «ዛሬስ ልቅር» እንደነበረ የጠየቀ አለ? እኔ ከወለድኩ በኋላ ነው ስለሷ በደንብ ያሰብኩት።

ለአንተ የምመክርህ፣ ወንድሜ፣ ከመውጣትህ በፊት ማታ ላይ ሥራ ጨርስ። እኔ የልጄን ምሳ ዕቃ፣ ልብሱን፣ የቁርሱን ነገር ማታ አዘጋጅቼ ነው የምተኛው። ማንም ጠዋት የእኔን ሥራ እንዲሠራልኝ አልተውም። ባሌ ሲነሳ ያለው ሥራ የራሱ ብቻ ነው። እንደዚያ ሲሆን ጫማዬን ስፈታ ማንም ፊቱን አያጠቁርብኝም።

---

ነርስ_ስቶክሆልም | ነሐሴ 26

ስለ ትዳሩ ሌሎቹ ብለውታል። እኔ ስለ ሰውነትህ ልናገር።

ሌሊት 11 ከሥራ ወጥተህ፣ ጠዋት ልጅ ይዘህ፣ በመሀል ስንት ሰዓት ነው የምትተኛው? 5 ከሆነ ሩጫ አትጨምር። እንቅልፍ ቀንሶ የሚሠራ ልምምድ ጉዳትና ጉንፋን ነው የሚያመጣው። ቁጣም ያመጣል፤ ቤት ውስጥ ያለውን ኩርፊያ ግማሹን እሱ ሊሆን ይችላል የሚፈጥረው። 6 ሰዓት ያልተኛህ ቀን አትሩጥ። ቀላል ሩጫ እንኳን ይቅር።

ሌላው ውሃ ነው። ብዙ ሰው በረጅም ሩጫ ላይ የሚፈራው ጥማትን ነው። ውሃ ብቻውን አብዝቶ መጠጣትም አደገኛ ነው፤ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይወርዳል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጣት ማበጥ፣ ከባሰም ግራ መጋባት ያመጣል። ሲጠማህ ጠጣ፣ ጨው ያለው ነገር ብላ። ጉልበቴን አመመኝ ብለህ እየሮጥክ አይቡፕሮፌን አትዋጥ፤ ኩላሊትህን ይጎዳብሃል። የስኳር ታሪክ ስላለህ ደግሞ ይህን ሁሉ ለሐኪምህ ንገረው።

---

ደብረብርሃን_ሲልቨር | ነሐሴ 29

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሦስት ቀን ዝም ያልኩት ሳስብ ነው። የሯጭ ሚስት የጻፈችውን ለባለቤቴ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማች። «ይህቺን ሴትዮ አውቃታለሁ እንዴ?» አለች። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳንጣላ ስለ ሩጫው አወራን።

የጄፒ ሱቅ፣ ጥያቄህ ጠቃሚ ነበር። የምሠራበት ቦታ ከ16ኛ ጎዳና ብዙም አይርቅም። 16ኛ ጎዳና ደግሞ ከዋይት ሀውስ ፊት ለፊት ተነስቶ ቀጥ ብሎ ሲልቨር ስፕሪንግ ይገባል። እስከ ቤቴ 7 ማይል ነው። መብራት አለው፣ የእግረኛ መንገድ አለው። በሜትሮና በአውቶቡስ 50 ደቂቃ ይፈጅብኛል። በሩጫ 1 ሰዓት ከ15። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን አላሰብኩትም።

ነርሷ ስላልሽኝ በሳምንት ሁለት ማታ ብቻ ነው የማደርገው። በማግስቱ ልጄን ትምህርት ቤት ካስገባሁ በኋላ ትንሹ ሲተኛ አብሬው እተኛለሁ።

ትንሹን ደግሞ በጋሪ ይዤው ስላይጎ ክሪክ ዳር መሮጥ ጀምሬያለሁ። ዳክዬ ባየን ቁጥር መቆም ግድ ነው። ቀስ ያለ ሩጫ ስለሆነ ችግር የለውም።

---

ሰንበት_ኔታንያ | ጳጉሜን 1

እኛ እዚህ እስራኤል ውስጥ ሰንበት የምንጠብቅ ሰዎች ቅዳሜ የሚባል ሩጫ የለንም። ረጅሙ ሩጫ ዓርብ ጠዋት ነው። ዓርብ ደግሞ ገበያው፣ ማብሰሉ፣ ቤት ማጽዳቱ ሁሉ ፀሐይ ሳትጠልቅ ማለቅ አለበት። ስለዚህ ስንት ሰዓት እመለሳለሁ የሚለው ለድርድር አይቀርብም። የሚገርመው ያ ገደብ ነው ያስቀጠለኝ። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ስልክ የለ፣ ጫማ የለ፣ ስለ ሩጫ ወሬ የለ። ከልጆቼ ጋር ነኝ። እናንተም ከሳምንቱ አንዱን ቀን እንደዚያ ዝጉት።

---

በሶ_በማር | ጳጉሜን 2

ስለ ምግብ ማንም አላነሳም። ደብረብርሃን፣ ጾመኛ ከሆንክ ረቡዕና ዓርብ ላይ ከባድ ልምምድ አታድርግ። እኔ ፍልሰታን ሙሉ ጾሜ እየሮጥኩ አንድ ዓመት ራሴን ጎድቻለሁ። ከዚያ የንስሐ አባቴን አማከርኩ፤ መንገዱን አብረን አገኘን። አንተም አማክር።

የጾም ቀን እራት ላይ ምስርና ሽሮ በደንብ ብላ። ቅዳሜ ለሚሮጥ ሰው የዓርብ እራት ትልቅ ነገር ነው። መንገድ ላይ ጄል (ሯጮች የሚይዙት ጣፋጭ ማር መሰል ምግብ) ብቻ አትያዝ፤ ሆድ ይሰለቸዋል። በሶ በማር በጥብጠህ ያዝ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው። በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም እያሰብክ ሂድ፤ ሆድህ ከለመደ ከዚያም በላይ ይችላል። ከ4 ሰዓት በኋላ ጣፋጭ ሲያስጠላህ የተቀቀለ ድንች በጨው ነው መድኃኒቱ። ቴምርም ጥሩ ነው። ይህን ሁሉ በልምምድ ላይ ሞክረው፤ የውድድር ቀን አዲስ ነገር አይበላም።

ደግሞ ልጆችህ በሶውን ይጨብጡልህ። የእኔ ልጆች ቅዳሜ ጠዋት ኳስ ኳስ አድርገው ጠቅልለው ይሰጡኛል። አንዳንዱ ድንጋይ ይሆናል፣ እበላዋለሁ።

---

ዳላስ_አባት | ጳጉሜን 3

መጀመሪያ ላይ በአጭሩ ተወው ያልኩት እኔ ነኝ። ማብራራት አለብኝ።

እኔም እሮጥ ነበር። አምስት ዓመት። እንደ አንተ ጠይቄ አላውቅም። ስወጣ «መጣሁ» ብዬ እወጣለሁ። ቤት ውስጥ ያለውን ነገር እያየሁ አላይም ነበር። ዛሬ ልጆቼን በሁለት ሳምንት አንዴ ነው የማያቸው። ሩጫው ብቻ አይደለም ያፈረሰው፣ እዋሻለሁ እንደዚያ ብል። ግን ማውራት ሲገባኝ እሮጥ ነበር። ቤት ውስጥ ነገር ሲከብደኝ ጫማዬን አጠልቃለሁ። ተመልሼ ስመጣ እኔ ቀሎኛል፣ እሷ ግን ከዚያው ከተውኳት ቦታ ነች።

አንተ ግን ለሚስትህ አንብበህላታል። አብራችሁ አውርታችኋል። ያልኩህን አነሳለሁ። ሩጥ። ግን ተጣልታችሁ ሳለ አትውጣ። መጀመሪያ አውራ።

---

የሯጭ_ሚስት | ጳጉሜን 3

ዳላስ፣ ይህን መጻፍህ ቀላል አይደለም። እግዚአብሔር ልጆችህን ይጠብቅልህ።

---

ደብረብርሃን_ሲልቨር | ጥቅምት 10

የት ደረስክ ላላችሁኝ። 5 ሳምንት ቀረኝ።

ቅዳሜ ከሌሊቱ 4 ሰዓት እወጣለሁ፣ 9 ላይ በር ላይ ነኝ። እስካሁን አንድ ቀን ብቻ 12 ደቂቃ አርፍጃለሁ፤ ደውዬ ተናግሬያለሁ። በየሁለት ሳምንቱ አንዱን ቅዳሜ ጨርሶ አልሮጥም። ያን ቀን የልጄ ነው። የዕቅዴ ወረቀት ላይ ያለው ትልቁ ሳምንት 60 ማይል ነበር። እኔ ከ45 አላለፍኩም። ይህ ያሳስበኛል፣ አልደብቅም።

ባለፈው ሳምንት ትንሹ አተኮሰው። ሁለት ሌሊት አልተኛንም። የ25 ማይል ሩጫዬ ነበር፣ ሰረዝኩት። የድሮው እኔ ብሆን ጠዋት ላይ ሹልክ እል ነበር። ባለቤቴ «ሂድ፣ እኔ አለሁ» አለችኝ። አልሄድኩም። ግን ሂድ ማለቷ ራሱ ምን ያህል እንደተለወጥን አሳየኝ።

የጄፒ ሱቅ፣ አንድ ረጅም ሩጫ ማጣት ይጥለኛል?

---

የጄፒ_ሱቅ | ጥቅምት 10

አይጥልህም። አንድ ሩጫ ማንንም ጥሎ አያውቅም። የሚጥለው ያጣኸውን ለማካካስ በሚቀጥለው ሳምንት ደርበህ ስትሮጥ ነው። ተወው፣ ወደ ቀጣዩ ሂድ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ቀንስ። ዳገቱን በእርምጃ ውጣ፣ ከመጀመሪያው ዳገት ጀምሮ። ሲደክምህ ሳይሆን ሳይደክምህ ነው መራመድ የሚጀመረው።

---

ደብረብርሃን_ሲልቨር | ኅዳር 15

ጨረስኩ። 11 ሰዓት ከ38 ደቂቃ።

ዳገቱን ሁሉ በእርምጃ ወጣሁት። ድንጋዩ ላይ አንዴ ወደቅሁ፣ መዳፌ ተላጠ። ቦዩ መንገድ ላይ ስገባ ብዙ ሰው አለፍኩ። 27ኛው ማይል ላይ፣ አንቲየተም፣ ቤተሰቤ ቆሞ ነበር። ባለቤቴ የዶሮ ሾርባ በፔርሙዝ ይዛለች። ልጄ ካርቶን ላይ በአማርኛ ጽፋ ይዛለች። «አባዬ ሩት» ይላል። ጠ እና ተ ተምታቶባት ነው። ያን ካርቶን ሳይ ነሐሴ ላይ ያመለጠኝ ነገር ትዝ አለኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለት ማይል እንዴት እንደሄድኩ አላስታውስም።

ከ40 ማይል በኋላ ሆዴ ጣፋጭ እምቢ አለኝ። ድንቹ አዳነኝ፣ በሶ በማር ወንድሜ። የመጨረሻው አስፋልት ላይ ጨለመ። የማታ ሩጫው የጠቀመኝ እዚያ ላይ ነው። 16ኛ ጎዳና ላይ በስንት ማታ ደክሞኝ ሮጫለሁ፤ ጨለማው አላስደነገጠኝም።

ስጨርስ ትንሹ መኪና ውስጥ ተኝቷል። ትናንት ቅዳሴ ላይ መቀመጥም መነሳትም ከብዶኝ ነበር። ዛሬ ጾሙ ገባ፤ እኔም እግሬም እናርፋለን።

---

ኮተቤ_ንጋት | ኅዳር 15

እልልልል! እንኳን ደስ አለህ! በአንድ ትንፋሽ ነው ያነበብኩት። ቀጣዩስ? ተመዝግበሃል?

---

ደብረብርሃን_ሲልቨር | ኅዳር 16

አመሰግናለሁ እህቴ። የሚቀጥለውን ዓመት አልሮጠውም። የሯጭ ሚስት ነሐሴ ላይ የተወችልኝን ጥያቄ ባለቤቴን ጠይቄያት ነበር። መልሱ ከእሷ ጋ አራት ዓመት የቆየ ኖሯል። የነርስነት ትምህርት መጀመር ትፈልጋለች። ጊዜ የለም ብላ ነው ዝም ያለችው። ትምህርቱ ከፈረንጆቹ ጥር ጀምሮ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ፣ እንዲሁም ቅዳሜ ጠዋት ነው። አለቃዬን አናግሬ በእነዚያ ሁለት ቀናት ወደ ጠዋት ፈረቃ ተዛውሬያለሁ። ያን ጊዜ ትንሹን ጎረቤታችን ትይዝልናለች። ከጥር በኋላ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ከእኔ ጋር ናቸው። ስላይጎ ክሪክ በጋሪ እንሮጣለን፣ ትልቋ በብስክሌት ትከተለናለች። ዳክዬው ጋ እንቆማለን።

ጋሪው ግን ጎማው አልቋል። ለ4 ዓመት ልጅ የሚሆን፣ ለሩጫ የተሠራ ጠንካራ ጋሪ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ።